አንኳኪዋ

«ሰኞ ጠዋት የድሮ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች» አለ የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ፣ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ። የሚያናግረው ከሳሿን ሳይሆን ታላቅ ወንድሟን ነበር። «ዝውውሩ ይሰረዛል። እሷ ደግሞ ትንኮሳ የምትለውን ነገር ከክሱ ታወጣለች። በቃ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ።»

የወንድምየው ልብ ቅቤ ጠጣ። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የሰው ስም እንዴት እንደሚላጭ እሱ ያውቃል። ደንበኞቹ ጨርቁ አንገታቸው ላይ ከታሰረ ጀምሮ የሚያነሱት የሰው ሚስትና የሰው ልጅ ነው። ነገ የሚያነሱት የእሱን እህት ይሆናል፤ እሱ ሲገባ ጸጥ ይላሉ፣ ሲወጣ ይቀጥላሉ። ይህን እያሰበ እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል።

«ሰማሽ አይደል እህቴ? ወንበርሽን መለሱልሽ» አላት። «የቀረውን ሆድ ይፍጀው።»

የእህቱ ዓይን ማዶ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። እዚያ ሥራ አስኪያጁ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከአጠገቡ በእሷ ቦታ የተቀጠረችው ወጣት አለች፤ ለመሥሪያ ቤቱ ልትመሰክር ነው የመጣችው። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከሰውየው ፈንጠር ለማለት ብትሞክርም ወንበሩ አልቆባታል።

የመዝገብ ቤቱ ሴቶች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራ አስኪያጁ አንዷን ጠርቶ በሩን ሲዘጋ፣ ሌላዋ ጥቂት ቆይታ ታንኳኳለች። ስልክ ይፈልጋታል፣ ባለጉዳይ ቆሟል፣ ማኅተሙ የት ገባ፤ ምክንያት አይጠፋም። ተሰብስበው የወሰኑት ነገር አይደለም፣ አውርተውበትም አያውቁም። የጀመረችው ከሳሿ ናት። ሌሎቹ እየፈሩ ሲተዉት ሥራው ለብቻዋ ቀረ፣ ስሟም በዚያው «አንኳኪዋ» ሆነ። ሰውየው አንድ ቀን በሩን በርግዶ ሌላ ሥራ የለሽም ወይ ብሎ ጮኸባት። ቀጥሎ የጠራው እሷኑ ነበር። ያን ዕለት ማንም አላንኳኳም።

በማግስቱ ለበላይ አመለከተች። ወዲያው ከከተማ ዳር ወዳለ መጋዘን ተዛወረች፣ ብቻዋን የአሮጌ ወንበርና ጠረጴዛ ጠባቂ ሆና። ለሥራው አስፈላጊነት ነው አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን ይለቅ ነበር። እሷ ግን እያለቀሰችም ቢሆን ማልዳ መጋዘኑን ትከፍታለች፣ በቀጠሮ ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። የሚገርም ልብ ነው የሰጣት።

ወንድምየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ብልህ ሐሳብ የመጣለት መስሎታል። ተመልሳ ብትገባ ለዚያች ልጅም እንደሚሻል፣ እንደ ድሮው እያንኳኳች ልታድናት እንደምትችል ነገራት።

«ጋሼ» አለችው በቀስታ፣ «ጡረታ እስክወጣ በር ሳንኳኳ ልኑር? ከዚያ ክፍል መውጣት ያለበት እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ ጠበቃው ዞራ፣ ስለ ድካሙ አመስግና፣ እንደማትስማማ ነገረችው።

ችሎቱ ተጠራ። ምስክሮቹ ውጭ ቀሩ፤ ሌሎቹ ገቡ። ክፍሉ ተራቸውን በሚጠብቁ ባለጉዳዮች ሞልቷል፣ ከመካከላቸው ሁለት የሰፈሩን ሰዎች ወንድምየው ለይቷል። ዕርቁ አለመሳካቱ እንደተነገረ ጠበቃው እንደገና ተነሣ። አሁን ደግሞ ለከሳሿ አሳቢ ሆኗል። ነገሩ የሴት ልጅ ገመና ስለሆነ፣ ለክብሯ ሲባል ቃሏ በዝግ ችሎት እንዲሰማ ጠየቀ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ከሳሿን አዩአት። ከፈለገች ሰዉ እንደሚወጣላት ነገሯት።

ወንድምየው ተመስገን አለ። ቢያንስ ጆሮው አይሰማም፣ ቢያንስ እነዚያ ሁለቱ አይሰሙም። መልሷን ሳይጠብቅ ኮቱን አንሥቶ ብድግ አለ።

እህቱ ፊቷ ወደ ዳኛዋ ስለነበር አላየችውም።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ክብሬ ባለበት አለ» አለች። «ሰው ይስማ። ያፈረ ካለ እሱ ይውጣ።»

ማን ይወጣ ይሆን ብሎ ሰው ሁሉ ዞረ። ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል የቆመው አንድ ጸጉር አስተካካይ ብቻ ነበር፣ ኮቱን ይዞ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ። የሰፈሩ ሰዎችም አዩት።

በሩ ቅርብ ነበር። እሱ ግን ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ በሰዎች ጉልበት መካከል ወደ ፊት አለፈ፤ ከእህቱ ጀርባ ባለው በመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠና አንገቱን ቀና አደረገ።

እሷም መናገር ጀመረች።