የሌዎባርዶ ሲጋራ

«እማዬ፣ ዘንድሮ የአባዬን ሲጋራ እኔ ልለኩሰው?» ትላለች ያሬትሲ። ክብሪቱን ከእናቷ ከኦፌሊያ እጅ ወስዳ ጨርሳለች።

ኦፌሊያ እሺ ትላለች፤ ምን ታድርግ። ሌላ ጊዜ ይህን የሚያደርገው የባሏ ወንድም ኤቫሪስቶ ነበር፤ ዛሬ ከፍሬዝኖ ከተማ ሲመጣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበታል። እሷ ደግሞ ሲጋራ ከንፈሯን ነክቶት አያውቅም። የሜክሲኮዎቹ በዓል፣ የሙታን ቀን፣ ግን ማንንም አይጠብቅም። ጠረጴዛው ላይ ቢጫው አበባ ተነስንሷል፣ ሻማዎቹ በርተዋል፣ ዳቦው ስኳሩን ለብሶ ተቀምጧል። ከሟቹ ባሏ ከሌዎባርዶ ፎቶግራፍ ፊት ያለው መተርኮሻ ብቻ ባዶ ነው። ሟች በዓመት አንዴ ቤቱ ሲመጣ የሚወደውን ማጣት የለበትም፤ ያ የሚወደው ነገር የገደለው ቢሆንም።

«ሳብ አድርጊው፣ አለዚያ አይያያዝም» ትላታለች። «ሲያስልሽ ውሃ ይዤልሻለሁ።»

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ሲጋራውን በከንፈሯ ይዛ ክብሪቱን ትጭራለች። ትስባለች። ጢሱን ደረቷ ውስጥ ትንሽ ታቆየዋለች፤ ከዚያ አባቷ ፊት ላይ እንዳይሄድ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቀስ ብላ ታወጣዋለች።

አላሳላትም።

ኦፌሊያ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀርታለች። ያ ግዙፉ ኤቫሪስቶ እንኳ፣ አጫሽ ስላልሆነ፣ በየዓመቱ እንባው እስኪመጣ ነው የሚስለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ያሬትሲ!»

ልጅቷ ሳታስበው የሹራቧን ኪስ በእጇ ትሸፍናለች። «ኧረ እማዬ፣ የኔ እኮ ሲጋራ አይደለም! አሁን ሲጋራ ማን ያጨሳል፣ ይገማል። ይሄ በባትሪ የሚሠራ ነው፣ እንፋሎት ነው በቃ። ትምህርት ቤት ሁሉም ሰው አለው።»

«አባትሽም ‹የኔ እኮ ፊልተር አለው› ይለኝ ነበር።»

ያሬትሲ ልትስቅ ትልና ትተወዋለች። አባቷ በመጨረሻዎቹ ወራት ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ ለመድረስ መሀል ላይ ተቀምጦ ማረፍ ነበረበት። ወንበሩን ይዛ ከኋላው የምትከተለው እሷ ነበረች።

ኦፌሊያ ልትጮህባት ነበር። በዚያ ፋንታ ብርጭቆውን ታስቀምጣለች። ተናዳ አይደለም፤ ፈርታ ነው።

«ጣዕሙ ምንድን ነው?»

«እ?»

«ያንቺው። ጣዕም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማንጎ» ትላለች ልጅቷ፣ ወለሉን እያየች።

«ማንጎ። እሺ። ልወቀው ብዬ ነው። ቀድመሽኝ የሄድሽ እንደሆነ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደማስቀምጥልሽ።»

«እማዬ! እንደዚህ አትበዪ በናትሽ!»

ያሬትሲ ከኪሷ ከጣት የማይበልጥ ሮዝ ዕቃ አውጥታ፣ ከአባቷ ሲጋራ አጠገብ ልታስቀምጠው እጇን ወደ ጠረጴዛው ትሰዳለች።

ኦፌሊያ እጇን ቀብ ታደርገዋለች። «እዚያ አይደለም! እዚያ የሚቀመጠው የሙታን ነው።» መዳፏን ትዘረጋላታለች። «ለኔ ስጪኝ፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ ታቅማማለች፤ ከዚያ ትሰጣታለች። ኦፌሊያ ጣቶቿን ትከድናለች። ዕቃው ከልጅቷ ገላ የወሰደው ሙቀት ገና አልለቀቀውም።