የአሥራ አንድ ቅዳሜ አረፋ

ቀያሹ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው ለማግባት ወሰነ። ልጅቷን ያወቃት ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ነው። ራሱን ሳያመው ስድስት ወር ሙሉ ከእሷ የራስ ምታት ክኒን ገዛ። በሰባተኛው ወር፣ ከኋላው ሦስት ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ “ላግባሽ” አላት።

ልጅቷ የተሰለፉትን ሰዎች አየች።

“አባቴን ጠይቅ” አለችው።

ጨዋነቷ ደስ አለው።

አባትየው ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቀያሹ ከረቫቱን አስሮ ሲመጣ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሥራውን ሲሰሙም “መሬት የሚለካ ሰው አይቸኩልም፤ ደግ ነው” አሉ። ነገሩ በአሥር ደቂቃ ያለቀ መሰለ።

ልጅቷ ከጓዳ ተጣራች። “አባዬ፣ ይቺ ጠርሙስ አልከፈት አለችኝ።”

ሄዱ። ጠርሙሱ ሳያስቸግር አልቀረም፣ ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር። ተቀምጠው የቀያሹን አገጭ ትክ ብለው አዩት።

“ፂምህን በምንድን ነው የምትላጨው?”

“በማሽን፣ ጋሼ።”

“በማሽን” አሉ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። ትንሽ አሰቡ። “እንግዲህ እሷ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ናት። የመላጫ አረፋ መምታት ለማይችል ሰው ልጄን አልሰጥም። መጀመሪያ አረፋውን ቻል፤ የቀረውን ያኔ እንነጋገራለን።”

ቀያሹ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱ ተጀመረ። አባትየው የድሮ ብሩሻቸውን፣ ክብ ሳሙናና ጎድጓዳ ሳህን አወጡ። ብሩሹን መንከር፣ ማራገፍ፣ ሳሙናው ላይ ማሽከርከር፣ ከዚያ ውኃ በጠብታ እየጨመሩ ሳህኑ ውስጥ መምታት። ሲያዩት የሕፃን ሥራ ነው። ልጅቷ ሙቅ ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዛ አጠገቡ ቆመች።

“ትንሽ ልጨምርልህ” እያለች አፈሰሰችለት።

የቀያሹ አረፋ ሳህኑ ውስጥ እንደ ሾርባ ዋለለ። አባትየው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሳህኑን አዩ።

“ይኼ የልብስ ማጠቢያ ነው” አሉ። “ሳምንት ና።”

በሁለተኛው ቅዳሜ አረፋው ትልልቅ ፊኛ አወጣ። “ዓይን ያወጣ አረፋ እንደ ዓይን አውጣ ሰው ነው፤ ቤት አይገባም” አሉት። በሦስተኛው ደረቀ። በአራተኛው ከአገጩ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ከእያንዳንዱ ፍርድ በፊት አባትየው ቀና ብለው ልጃቸውን ያያሉ። ቀያሹ ይህን ልጃቸውን ይቅርታ እንደ መጠየቅ ቆጠረላቸው።

እሱ ግን ነገርን በዋዛ የሚተው ሰው አልነበረም። ደብተር ገዛ። የውኃውን ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የአረፋውን ቁመት በማስመሪያ እየለካ ይመዘግብ ጀመር። ቢሮ ውስጥ በሻይ ኩባያ ይለማመዳል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አለቃው ንግግሩን አቋርጦ “ጆሮህ ላይ ያለው ምንድን ነው?” ቢለው፣ “የጠዋቱ ነው፤ አሁንም አልወረደም” ብሎ በኩራት መለሰ። የሥራ ባልደረቦቹ “አረፋው” ይሉት ጀመር። ግድ አልሰጠውም።

በሰባተኛው ቅዳሜ እንግዳ ነገር ሆነ። ልጅቷ ውኃ ልታሞቅ ስትገባ አባትየው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

“ብሩሹን ጨመቅ አድርገው” አሉ በሹክሹክታ። “ውኃ ሲጨመርልህ ደግሞ በቃኝ በል። የምን አንገት መድፋት ነው?”

እግሯ ሲሰማ ቀና ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ቀያሹ ያን ዕለት ሁሉም ነገር የገባው መሰለው። ልጅቷ በር ድረስ ስትሸኘው ነገራት።

“አባትሽ ልባቸው ከእኔ ጋር ነው። ብቻቸውን መቅረት ፈርተው ነው የሚያጓትቱኝ።”

“ይሆናል” አለች፣ የበሩን እጀታ እያየች።

“አብረውን ይኑሩ። እኔ እንደ አባቴ ነው የማያቸው።”

ልጅቷ ሳል ያዛት። ቀያሹ ይህንንም ሲቃ ነው ብሎ ተረጎመው። ከዚያ ወዲያ በአባትየው መጨከን አልቻለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ይዞላቸው መምጣት ጀመረ፤ እሳቸውም ገና በጠዋቱ ወንበሩን መስኮቱ አጠገብ ያዘጋጁለታል።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ ልጅቷ ሥራ ተደርቦባት መድኃኒት ቤት ቆየች። ቀያሹ ውኃውን ራሱ አሞቀ፣ ራሱ በጠብታ ጨመረ። ብሩሹን ጨምቆ አሽከረከረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሳህኑ ውስጥ እንደ እርጎ የረጋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ብሩሹ ሲነሳ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚቆም አረፋ ነበር። ሳህኑን ገለበጠው። አልወደቀም።

አባትየው እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ። የልጃቸው ቦታ ባዶ ነበር። ብሩሹን ከእጁ ወስደው የራሳቸውን ጉንጭ ቀቡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ የተሻለ አልመታሁም” አሉ። “ልዋሽ አልችልም።”

ቀያሹ ጉልበታቸውን ሳመ። ለእናቱ ሊደውል ወደ ውጭ ሲሮጥ በሩ ላይ ከልጅቷ ጋር ተጋጨ።

“አለፍኩ” አላት። አፍንጫው ላይ አረፋ ነበር።

ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገባች። ሳህኑን አየች። አባቷን አየች። ከውጭ ቀያሹ በስልክ ለእናቱ ቀን እንዲቆርጡ ሲነግር ይሰማል።

“ከዚህ በላይ ላቆይልሽ አልችልም” አሏት አባትየው፣ ግማሽ ፊታቸው ነጭ እንደሆነ። “እንደማትፈልጊው አንቺው ንገሪው።”