ያልተተረተረው ገበር

ልብስ ሰፊ መርፌ ከማንሳቱ በፊት ኪስ ይፈትሻል። ወሬ ፍለጋ አይደለም፤ የተረሳ ሚስማር መርፌ ስለሚሰብር ነው። ልብስ ሰፊዋ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰው ኪስ ያላወጣችው ነገር የለም፤ የፍቅር ደብዳቤ፣ የሎተሪ ቲኬት፣ አንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ። ደንግጣ አታውቅም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን ደነገጠች።

ኮቱ የታናሽ ወንድሟ ነው። «እትዬ፣ ገበሩ ተተርትሯል፤ ለሐሙስ አድርሺልኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ ጥሎላት ሄደ። ከኪሱ የናና ከረሜላ፣ የማን በር እንደሚከፍት ያልታወቀ ቁልፍና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ።

«መጠጥ ለማቆም የምንረዳዳ ሰዎች ነን» ይላል ወረቀቱ። «ሐሙስ ዐሥር ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ስም አንጠይቅም። ተጎትቶ የመጣ አይበረክትምና በራስዎ እግር ይምጡ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገበሩን ገለበጠች። አንድም የተተረተረ ቦታ የለውም።

«ወይ ጉድ! የሌለ ቀዳዳ ማየት ጀመረ!»

ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመላት። ሐሙስ ሐሙስ ስልኩን ይዘጋል። የት ነበርክ ስትለው «ከሰዎች ጋር» ብሎ መሬት መሬት ያያል። እርግጥ ከሰባት ዓመት በፊት ተውኩት ብሎ ምሎላት ነበር፤ የሰካራም መሐላ ግን ምኑ ይታመናል? ከዚያ ወዲህ ሰክሮ አላየችውም፤ እሱን ደግሞ ተንኮሉ ነው አለች። አባታቸውን የገደለው መጠጥ ነው። ባልዲውን ከአልጋው ሥር ስታመላልስ የነበረችው እሷ፣ ይህን ወንድሟንም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ። ደግማ መቅበር አትችልም።

ጉሮሮዋ ደረቀ። ከክር ሳጥኑ ሥር የሳል መድኃኒቷን አውጥታ ተጎነጨችለት። ወደ ማሽኑ ተመለሰች፣ ተነሣች፣ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ደግሞ ተመለሰች። ቁልፉንና ከረሜላውን ኪሱ ውስጥ መልሳ ወረቀቱን አስቀረች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ያሰፋችውን ጋውን ታቅፋ ገባች።

«እንዳትቀየሚኝ እንጂ፣ ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው።»

«አምጪው፣ አስተካክለዋለሁ። ሐሳብ ላይ ነኝ። ወንድሜ ነው እንዲህ ያደረገኝ።»

«ያ ጨዋ ሰው? ምን አድርጎ?»

«ተይው፣ ሆድ ይፍጀው።»

ፀጉር ሠሪዋ ትንፋሿ ሲደርሳት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ምን እሆናለሁ!»

በሩ ሲዘጋ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ረቡዕን ስትቁነጠነጥ ዋለች። እንቅልፍ የነሳት ያ «በራስዎ እግር» የሚለው ቃል ነው። ብትጎትተው አይበረክትም፤ ብትተወው ይሞታል። ማሽኑም እንደ ልማዱ ስፌቱን አጣመመባት፤ ሰደበችው፣ ዘይት ጨመረችለት፣ አሁንም አጣመመው። በመጨረሻ አንድ መላ መጣላት። ሂድ አትለውም፤ እንሂድ ትለዋለች።

ሐሙስ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወንድሟ መጣ። ሰላም ሳትለው ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከኪሴ ነው ያገኘሽው?»

«ከየትስ ይሁን! አልቆጣህም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አብሬህ እሄዳለሁ፣ እዚያው አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

«አንቺ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ አልኩህ።»

«ማንም ሳያስገድድሽ?»

«እኔን ማን ያስገድደኛል? ይልቅ ተነሥ!»

ወንድሟ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አፍሮ ነው፣ ምስኪን፣ አለች በልቧ፤ የእሷም ሆድ ባባ። ኮቱን አለበሰችው፤ የሳል መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እሱ ያን ጊዜ ወደ መንገዱ ፊቱን አዞረ።

እንዳያመልጣት እጁን ይዛ ከፊት ከፊት ሄደች። ቤተ መጻሕፍቱን ዞረው ደረጃውን ሲጀምሩ «አራተኛው ይነቃነቃል፣ ተጠንቀቂ» አላት፣ ቀና ሳይል። ከዚህ በፊት መጥቶ አቋርጧል ማለት ነው። እጁን ጠበቅ አደረገችው።

ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። አንዲት አሮጊትና አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ የአውቶቡስ ሹፌር ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገፋችው። «ተዘግቷል? በስንት መከራ አምጥቼው!»

ወንድሟ እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አላቀቀ። ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አወጣና በሩን ከፈተ።

«ምነው ዛሬ?» አለች አሮጊቷ። «በሰባት ዓመት አንድ ቀን አርፍደህብን አታውቅም።»

«ይቅርታ እማማ፣ እኅቴን ስጠብቅ ነው» አላት። «በራሷ እግር መጣች።»