ጨው ያነሰው ሽሮ

ዘመኑ ከምላስ ቁስል ላይ በተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ፣ ሰውየው ይድን እንደሆነ ወይም አይድን እንደሆነ አስቀድሞ የሚታወቅበት ነው። ሕጉ ግን ውጤቱን ለአስታማሚ እንጂ ለታማሚ አይነግርም። ስለዚህ ምላሱ የቆሰለው ይትባረክ በሩ ላይ ተቀምጦ ሚስቱ አስካለ ከሐኪም ቤት እስክትመለስ ይጠብቃል።

«እህስ?» አላት ገና ሳትገባ።

«ደህና ነው አሉ። አርፈህ ብላ» አለችና ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ምሳ አቀረበች።

አንዴ ጎረሰና የዘወትሩን አላት። «ይሄ ሽሮ ጨው የለውም!»

መልሷን ሰፈርተኛው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «ምላስህ ዝጎ ነው እንጂ ሽሮው ምን አደረገህ!» ትለዋለች፤ እኛም ከአጥር ወዲያ ሆነን እንስቃለን።

ዛሬ ግን ተነሥታ ጨው አመጣችለት።

ልቡ ድንግጥ አለ። ደክሟት ይሆናል ብሎ፣ ሊፈትናት ጨውን ሆን ብሎ አብዝቶ ነሰነሰበት።

«አሁን ደግሞ ጨው በጨው ሆነ! ድሮስ የእናትሽ ልጅ አይደለሽ!»

በእናቷ የመጣባትን ሰው አስካለ ምራ አታውቅም።

«እውነትህን ነው» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ሌላ ልሥራልህ።»

ይትባረክ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ተይው፣ ይጣፍጣል» አላት። ጨው ቁስሉን እየለበለበው፣ ምንም እንዳላወቀ ሰው፣ ጠራርጎ በላው።