በራሱ የሚጠፋው ኤሲ

የኤሲ ጠጋኙን ሱቅ ውስጥ ቁርጡ ይሉታል። ሀያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ፊት አይቶ ፈርዶ አያውቅም። ያየውን ይናገራል፣ አለቀ። አንዴ የባለሱቁን አማት፣ «ፍሪጁ ደህና ነው እማማ፤ የተበላሸው በሩን የማይዘጋው ሰው ነው» ብሏቸው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ወር ሙሉ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት የተላከው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ ቤት ነው። በር የከፈተችለት እዚያ ከሚኖሩት እህትና ወንድም ታላቋ ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ረስታዋለች።

«ገንዘቡ ይመለስልኝ ብዬ አይደለም የጠራሁዎት» አለች። «እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ሐኪሙ የገደላት ሙቀቱ ነው አለ። ኤሲውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከነበሩት ሁሉ ርካሹን። በእሱ የተነሳ እንደሆነ እውነቱን ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አላለቀሰችም። የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ነው የምትመስለው።

ታናሽ ወንድሟ በሩ ጋ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«ምኑ ይመረመራል ጋሼ! ቆሻሻ ነው» አለ። «ቀትር ላይ ተነስቼ ስገባ ጠፍቷል። እማዬም...» ቅንድቡን በክንዱ ጠረገ። «ውዱን ትግዛ ብዬ ነበር። ምክንያቱ እሱ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ሲል የከረመው ይሄንኑ ነው። ለራሷ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የእናትየው ክፍል ጠባብ ነው። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ ኤሲው ከራስጌው ከፍ ብሎ መስኮቱ ላይ ተገጥሟል። ባዶ ፍራሽ፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ ጫፉ ጥቁር ጎማ የሆነ ምርኩዝ። ከጎን ያለው የልጁ ክፍል ነው፤ የሚለያቸው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ።

«ይራመዱ ነበር?» አለ ቁርጡ።

«ኧረ የት! ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም» አለች እህትየዋ። «ምርኩዙ ስትፈልገን ግድግዳ የምታንኳኳበት ነው። ጠዋት ኤሲውን ከፍቼላት ሥራ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ጠፍቶ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ስጠይቃት ‹እኔ እንጃ ልጄ፣ ዕቃው ይሆናል› ትለኝ ነበር። ነገ ጠጋኝ እጠራለሁ፣ ነገ እጠራለሁ እያልኩ ቀረሁ።»

«ያን ቀንስ አንኳኩተው ነበር?»

«አላንኳኳችም» አለ ወንድምየው። «ብታንኳኳ እሰማታለሁ፤ በዚህ ግድግዳ የማይሰማ የለም። ይሄ ነገር እንደሆነ ሲሠራ ወፍጮ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ‹እማዬ፣ ሊያሳብደኝ ነው እኮ› ብያት ነበር። በኋላማ ጭራሽ ተበላሸ። ጠዋት ከሥራ ገብቼ ገና ጋደም ከማለቴ ቀጥ ይላል። ቆሻሻ ማለት ይሄ አይደል?»

ቁርጡ ኤሲውን ከፈተው፤ ተንጫጫ። ክዳኑን ፈቶ ማጣሪያውን አየ፣ ሽቦዎቹን ነካካ፣ ሙቀት መለኪያውን ፍራሹ ላይ አስቀምጦ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሳም። እህትና ወንድም በሩ ላይ ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቃሉ፤ አይተያዩም።

«ሰው ሲያየውማ ይሠራል!» አለ ወንድምየው።

በመጨረሻ ቁርጡ ኤሲውን አጠፋው። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ቆየ። ማጥፊያው ላይ ጥቁር እድፍ አለ፤ ሌሎቹ ቁልፎች ንጹሕ ናቸው። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ደህና አድርጎ ጠረገው። ሥራው ላይ ቆሻሻ አይወድም።

«እህስ?» አለ ወንድምየው።

«ዕቃው ነው» አለ ቁርጡ። «ውስጡ ያለችው መቆጣጠሪያ ስትግል ራሷ ትቆርጣለች። ሲላት ትሠራለች፣ ሲላት ትተዋለች።»

እህትየዋ ግድግዳውን ያዘች። «እና እኔ ነኛ...»

«ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም። የውዱም ውስጡ ይቺው ናት። ልዩነቱ ቆርቆሮው ላይ ነው። ውዱን ብትገዢም ያው ነበር። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ያንቺም፣ የእሱም።»

«ለእኔ ብለው ነው?»

«ሱቅ ሄደሽ ስለ እኔ ጠይቂ። ለሰው ብዬ ተናግሬ አላውቅም።»

ወንድምየው ወለሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ ሻይ ላፍላ?» አለ።

«አፍላ» አለች።

ከጓዳ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ቁርጡ የጥገና ቅጹ ላይ «ብልሹ» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ኤሲውን ከመስኮቱ ነቅሎ ተሸከመና እያለከለከ ሦስቱን ፎቅ ወረደ።

ዕቃው ሱቁ ጓሮ፣ ከሚጣሉት ጋር ሳምንት ከረመ። የሚፈልገው አልተገኘም። ቁርጡ ቤቱ ወስዶ በራሱ መስኮት ገጠመው።

የምርኩዙን ጎማ እድፍ ከማጥፊያው ላይ ከጠረገ ይኸው አራተኛ በጋው ነው፤ ያ ኤሲ አንድም ቀን በራሱ ጠፍቶ አያውቅም።