ለካምቢዮ የተሰጠ እጅ

የሞጆ ሾፌሮች በካምቢዮ ጉዳይ ከእኔ ሌላ ማንንም አያምኑም፤ ደግሞም ልክ ናቸው። ዘንድሮ የመካኒክ ፈቃድ የሚሰጠው የእጅ ስሜቱን ወደ ብረት ላዛወረ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መዳፋችን በብረት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰማል፤ ከብረት ሌላ ግን ምንም አይሰማም።

ዛሬ ጋሽ ቦንሳ ከመቂ ሲመጡ ካምቢዮው ጋለባቸው፤ ማርሽ አልገባ እያላቸው በስንት መከራ ደረሱ።

"ሌሎቹ መካኒኮች ካምቢዮው ይውረድ ብለውኛል፣ ትርሲትዬ" አሉኝ።

"ማን ወንድ ነው የሚያወርደው!" አልኩና መኪናው ሥር ገብቼ መዳፌን ለጠፍኩበት። ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ዘይቱም ሙሉ ነው። ነገር ግን ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደው ዘይት እንደፈላ ይመለሳል፤ ማቀዝቀዣው ንፋስ አላገኘም ማለት ነው። ወደ ፊት ሄጄ ባይ፣ ለቤታቸው የገዙትን ሽንኩርት ከነጆንያው ማቀዝቀዣው ፊት ወትፈውታል።

"ጋሽ ቦንሳ፣ እዚሁ አቁላልተውት የለም እንዴ!" ስላቸው ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።

"እጅሽ ይባረክ!" አሉኝ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ሶልያና አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እንደ ድሮ ልማዴ መዳፌን ግንባሯ ላይ አሳርፌ፣ የጋሽ ቦንሳን ነገር አወራኋት። እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ፣ በእናቷ እየኮራች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እማዬ" አለችኝ፣ "ትኩሳት አለኝ።"