እሺ ከማለቴ በፊት

ባሌ አንተነህ ሊታረቀኝ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ገና ወንበር ሳይዙ እሱ ኮቱን አውልቆ በድሮው ቦታ ሰቀለው።

"ምን ማድረግህ ነው?"

"እሺ ትላለች ይላል" ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ዘንድሮ ሰው ምን እንደሚወስን ስልክ ቀድሞ ይናገራል፤ ስቶም አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ምርቃት ጀመሩ። ምርቃት! ማን በደሌን ሰማ? እናቴ ከአባቴ ስትጣላ ሽማግሌ ደጅ ጠንቶ፣ እምቢታዋን ጠግቦ ነበር የሚያስታርቃት።

"አባቶቼ፣ የምለውን ካወቃችሁት ለምን ደከማችሁ? እሺታው የእኔ ከሆነ ግን ለምኑኝ እንጂ!"

በዕድሜ ትልቁ ጋሽ መኩሪያ አፈሩ። ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ሆዴ ባባ። "ኧረ በእግዜር፣ ይነሱ" ልላቸው አፌን ስከፍት አንተነህ ክንዳቸውን ያዘ።

"ይተዉት ጋሼ፣ በከንቱ አይቸገሩ። እሺ ማለቷ እንደሆነ አይቀርም።"

ኮቱን ከተሰቀለበት አውርጄ አስታቀፍኩትና በሩን ከፈትኩለት።

"እሺ ልል ነበር" አልኩት።